ከኸይረዲን ሱቅ እስከ ሙሉቀን ሱቅ

እትዬ ከበቡሽን ያህል ሱቅ የሚያውቅ ሰው ሸዋሮቢት ውስጥ አልነበረም። ምስር ዘገን አድርገው ነቀዝ ይኑረው አይኑረው ወዲያው ይናገራሉ፤ ሚዛን እንዲደፋ ውሃ የተረጨበትን ስኳር በጣታቸው ይለዩታል። የሰፈራችን ሴት ሳታማክራቸው ዘይት አትገዛም። መልሳቸው ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ነበር፤ «ኸይረዲን ጋ ሂጂ። ዋጋውም ዕቃውም እሱ ጋ ነው፤ ደግሞ ከደጄ አርባ እርምጃ አይሞላም።»

አጣዬ በተቃጠለች ሰሞን ልጃቸው እዮኤል ቤቱ ወድሞበት አንድ ፌስታል አንጠልጥሎ መጣና እሳቸው ጋ ገባ። ማን እንዳቃጠለበት አላየም። ሳምንት ሳይሞላው ግን «ከእስላም ሱቅ ሁለተኛ ዕቃ እዚህ ቤት እንዳይገባ!» ብሎ ጮኸ። የግድግዳ ጎረቤት ነኝና ሰምቻለሁ።

እትዬ ከበቡሽ በዚያ ሐሩር አስፋልት ተሻግረው፣ ሩብ ሰዓት በእግራቸው ሄደው ከሙሉቀን ሱቅ መግዛት ጀመሩ። ምስሩ ነቀዛም፣ ዋጋው እሳት። ሲሄዱም ሲመለሱም የሚያልፉት በኸይረዲን ደጅ ነው።

አንድ ቀን ኸይረዲን ከባንኮኒው ጀርባ ወጣና «እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?» አላቸው።

እውነቱን መናገር አቃታቸው። «ኧረ ምንም! እዚያ ትንሽ ይረክሳል ብዬ ነው» አሉት።

በማግስቱ ዘይቱን በሊትር አሥር ብር ቀነሰ። አልገቡም። ስኳሩን ቀነሰ፤ ፓስታውንም ቀነሰ። «አሁንም እዚያ ይሻላል?» ሲላቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ይሻላል» ይላሉ። የረከሰውን እኛ ጎረቤቶቹ ተሻምተን ገዛነው። እየከሰረ እንደሚሸጥ እያወቅሁ እኔም ሁለት ጀሪካን ዘይት አስገብቻለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በዓመቱ መደርደሪያው ባዶ ሆነ። ኸይረዲን ወደ ጀውሃ ሊሄድ ሚዛኑንና ባንኮኒውን ባጃጅ ላይ ሲጭን፣ እትዬ ከበቡሽ ክንዴን ይዘው ወጡ።

«ኸይሬ፣ ዋጋው አልነበረም። ዋሽቼህ ነው» አሉና ማልቀስ ጀመሩ።

«አውቃለሁ እትዬ» አላቸው። «ሙሉቀን በስንት እንደሚሸጥ ሳላውቅ ነው የምነግደው? ከእኔ ለመግዛት ለእዮኤል የሚነግሩት ሰበብ እንዳያጡ ብዬ ነው የቀነስኩት።»