ክኒን የጠጣው ምስማር

ባለቤቴ ምን አለሽ ተራ ውስጥ ከአሮጌ በርሜል ምድጃ፣ ከዘይት ቆርቆሮ ኩባያ ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው ነው። ብረት ካላሳመነው ሰው አያሳምነውም። እኔ ደግሞ በርበሬ በረንዳ ነጋዴ ነበርኩ። እሱ ጆሮው እየደነቆረ፣ እኔ እያስነጠስኩ አብረን አረጀን። የኤች አይ ቪ ቫይረስም በሁለታችን ደም ውስጥ አለ። መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ጠዋትና ማታ ክኒናችንን ጎን ለጎን ተቀምጠን እንውጣለን።

አንድ ቀን ክሊኒክ ሄደን ሲስተሯ ስለ ምግብ ትመክረናለች። ልጅ እግር ናት፤ አንገቷ እንዴት ያምራል፤ ብቻ እሱን ልተወው።

«ቫይረሱ ሰውነታችሁ ውስጥ ሲቆይ ብረት አየር አግኝቶ እንደሚዝገው ዓይነት ጉዳት ያደርሳል» አለችን። «መድኃኒቱም አንዳንዴ የራሱን ትንሽ ይጨምርበታል። ግን ቫይረሱን አስሮ የሚይዝላችሁ እሱ ነውና ጥቅሙ ይበልጣል። ጎመን፣ ካሮት፣ ብርቱካን ብሉ። ክኒኑን ግን እንዳታቋርጡ።»

እኔ ጎመኑን ሰማሁ። እሱ ዝገቱን ሰማ።

በማግስቱ መስኮታችን ላይ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ተደርድሮ አገኘሁ። በየጣሳው አዲስ ምስማር ተነክሯል፦ አንዱ በሎሚ፣ አንዱ በቀይ ስር ጭማቂ፣ አንዱ በዘይት፣ አንዱ በላምባ።

«ምንድን ነው ይሄ? ምስማር ልትቀቅል ነው?»

«ዝም ብለሽ እይ። እኛ ተራ ቀለም እንኳ ሲገዛ መጀመሪያ ቁራጭ ብረት ላይ ይሞከራል። ምስማሩ ያልዛገበትን እጠጣለሁ።»

ጠዋት ጠዋት መነጽሩን አድርጎ ምስማሮቹን በጉጠት እያወጣ ያገላብጣቸዋል፤ «እንዴት አደራችሁ» ሊላቸው ምንም አልቀረው። ጎረቤት ምን እየሠራ እንደሆነ ሲጠይቀኝ «እያስታመመ ነው» እላለሁ።

ሲሰነብት ከጥግ ያለችውን ጣሳ አንስቶ አፍንጫዬ ሥር አመጣት። ምስማሯ እንደ በርበሬዬ ቀልታለች።

«ይቺ በምን የተነከረችው ናት?»

«በክኒኑ። የጠዋቱን በውሃ አሟሙቼ ነው።»

«ዋጥኩት ያልከኝን?»

«ምስማሩ ዋጠው። አየሽ? የሚያዝገን ይሄው ራሱ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አልነካውም።»

ሳቄ ጠፋ። መድኃኒቱን ሳይጀምር የነበረውን አውቀዋለሁ። ሱሪው አልቆም እያለው በሲባጎ የማስርለት፣ ደጅ ድረስ ደግፌ የማወጣው ሰው ነበር።

«በሞቴ፣ ሲስተሯን እንጠይቃት።»

«ሲስተሯ ስለ ብረት ምን ታውቃለች?»

ብለምነው፣ ብቆጣው አልሆነም። የማታው ሰዓት ደረሰ። የእኔን ዋጥኩ፤ የእሱ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ጨንቆኝ መስኮቱ ጋ ብቆም የላምባዋ ምስማር እንደ ሙሽራ ታበራለች። ላምባውን በብርጭቆ ገለበጥኩና ፊቱ አስቀመጥኩለት።

«ጠጣ።»

«ምኑን?»

«ላምባውን ነዋ። ያልዛገበትን እጠጣለሁ አላልክም? ምስማሩ መስክሮለታል።»

ብርጭቆውን አየ፤ እኔን አየ። እልኸኛ ነውና አንስቶ ቢጨልጠውስ ብዬ ልነጥቀው እጄን አዘጋጅቻለሁ። ጠጋ ብሎ አሸተተው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ፋኖስ ነኝ?»

«ምስማርስ ነህ?»

ብርጭቆውን በጣቱ ወደ እኔ ገፋው። ከዚያ፣ ቀና ብሎም ሳያየኝ፣ «ውሃ አምጪ» አለ። ክኒኑን ዋጠ። ላምባውን ወስጄ ደፋሁት።

በቀጠሯችን ቀን ጉዳዩን ራሱ ለሲስተሯ ነገራት። በካርዱ ፊቷን ጋረደች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«አባባ፣ ምስማሩ ክኒኑን ስንቴ ወሰደ?»

«አንዴ ብቻ።»

«ታዲያ ስላቋረጠ ነዋ የዛገው!»

ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ሳቅሁ። ከዚያ ኮስተር ብላ፣ እንዲህ ዓይነት ሐሳብ ሲመጣበት ከምስማር በፊት እሷን እንዲያማክራት አስማለችው።

እኔ ስለሳቅሁ እስከ ቤት ድረስ አኩርፎኝ ሄደ። ማታ ግን ክኒኑን ከእኔ ቀድሞ አወጣና «ረሳሽ አይደል?» አለኝ።

አልረሳሁም ነበር። «ውይ፣ ረስቼው!» አልኩት፤ ደስ ይበለው ብዬ።