ጠጉሩን ያልለቀቀ ክንድ

ቁስል አጣቢ ሆኜ ሐኪም ቤት በገባሁበት ዕለት ሳህንና ሳሙና አስታቀፉኝ። ጣልያን ደብረ ማርቆስን ለቋል፤ ከአገሩ ግን ገና አልወጣም። ከአርበኞቹ ጋር የገባው እንግሊዛዊ ሐኪም ብራና ፋቂ መሆኔን ሰምቶ፣ «ቆዳ የሚያውቅ ሰው ይሻለኛል» ብሎ በአስተርጓሚው አስጠራኝ።

ያን ቀን ማጉያ መስተዋቱን በገዛ ክንዱ ላይ ደግኖ «ፖር» አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቆዳው የመርፌ ጫፍ በማያህሉ ቀዳዳዎች ተሞልቷል፤ ከአንዳንዱም ጠጉር ወጥቷል። ግርም አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የፍየል ቆዳ ስፍቅ የራሴን ልብ ብዬ አላየሁም ነበር።

ቃሉን ስለወደድኩት ያገኘሁትን ቀዳዳ ሁሉ በሱ መጥራት ጀመርኩ። ጥይት የበሳውን ጭን እያሳየሁ «ፖር» ስል ሐኪሙ ሳቀ። በአስተርጓሚው በኩል፣ «ይኼ ቁስል ነው። ፖር ቆዳው ሲፈጠር አብሮት የተፈጠረው ነው፤ ላብ የሚወጣበት፣ ጠጉር የሚበቅልበት» አለኝ።

አስተርጓሚው ደምበጫ በሄደበት ቀን አያ ታከለ የሚባል ገበሬ መጣ። ጣልያን ቤቱን ሲያቃጥልበት ከብቶቹን ሊያወጣ ገብቶ ቀኝ ክንዱ ተቃጥሏል። ሐኪሙ አይቶ ራሱን ነቀነቀና መጋዙን አወጣ።

አያ ታከለ ወደ እኔ ዞረ። «በአንድ እጅ እርፍና ጅራፍ እንዴት አድርጌ ልይዝ ነው? ከሚቆርጠኝ ይግደለኝ በለው» አለኝ።

ለሐኪሙ በምን ቋንቋ ልንገረው? ጨነቀኝ። ብራና ፋቂ ቆዳ ሲገዛ አስቀድሞ ጠጉር ይስባል፤ ጠጉሩ ሳይታገል ከወጣ ቆዳው በስብሷል ማለት ነው። ጥላሸቱን በቀስታ አጥቤ ከእሳቱ የተረፈች አንዲት የጠጉር ጉቶ ሳብኩ። አልመጣችም። ሁለተኛዋን ስስብ አያ ታከለ፣ «ምነው ወንድሜ፣ የተቃጠልኩት አነሰህ?» አለ።

ማጉያውን ለሐኪሙ አቀበልኩና «ፖር» አልኩት። ያው ስህተቴ መስሎት ፊቱን አጨፈገገ። ቢሆንም ጎንበስ ብሎ አየ፤ እሱም አንዷን ሳበ። አያ ታከለ ተራገመ። ሐኪሙ መጋዙን መልሶ ሦስት ጣቱን አሳየኝ፤ ሦስት ቀን እንታገሥ ማለቱ ነው።

በሦስተኛው ቀን ክንዱ አልበሰበሰም። ሰንብቶም አዲሱ ቆዳ በእነዚያ ትንንሽ ቀዳዳዎች ዙሪያ እየጀመረ ሞላ። ትንሽ ጣቱ እንደታጠፈች ቀረች እንጂ አያ ታከለ ክረምት ሲገባ አርሷል።

ለእናንተ ለወጣት ድሬሰሮች፣ ለዛሬ ቁስል አጣቢዎች፣ የምነግራችሁ ይህን ብቻ ነው። ለተቃጠለ ክንድ መጋዝ ከማንሳታችሁ በፊት ጠጉሩን ሳቡ። ጠጉሩ አልወጣ ካለና ቁስለኛው አሞት ከተቆጣ፣ ክንዱ ገና አልሞተምና ጠብቁ።