አሥራ ሁለት ቁጥር ፑንታ ፍለጋ ወደ ዳንግላ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12፡00፣ እንጅባራ

የእንጅባራ ብርድ ሰው ገና ከአልጋው ሳይወርድ ይጀምራል። መናኸሪያ ስንደርስ ጭጋጉ ሚኒባሶቹን ውጧቸዋል፤ የሚሰማው የረዳቱ ድምፅ ብቻ ነው። «ዳንግላ! ሁለት ሰው! ሁለት ሰው!» ይላል፣ ስድስት ወንበር ባዶ እያለ። ታሪፉ በሩ ላይ ተለጥፏል፤ የሚጠይቀን ግን ሌላ ነው። ከፍለን ገባን።

አብረውኝ የሚጓዙት አጎቴ ጋሼ ደሳለኝ ናቸው። እንጅባራ ውስጥ የፈረስ ጋሪ የሚሠሩበት ብየዳ ቤት አላቸው። ጉዳያችን ትንሽ ነው፤ ብረት መብሻ ፑንታ መግዛት። ከፋሲካ በኋላ የገዙት ደንዝዟል፣ እኛ ከተማ ደግሞ ልኩ ጠፍቷል። እኔን ያስከተሉኝ እንዳነብላቸው ነው። አስተማሪ ስለሆንኩ በቤተሰባችን ውስጥ ማሸጊያ ላይ ያለ የባዕድ ጽሑፍ ሁሉ የኔ ዕዳ ነው። የደነዘዘውን ሲገዙም «አሥራ ሁለት ይላል» ያልኳቸው እኔ ነኝ።

«አሮጌውን ይዘውታል ጋሼ?»

የኮታቸውን ኪስ መታ መታ አደረጉ። «ናሙና ካልያዝሽ ነጋዴ ያሻውን ነው የሚሰጥሽ።»

1፡00፣ አዲስ ቅዳም

በግራም በቀኝም ለከሰል የሚተከል የዲከረንስ ዛፍ ደን፣ ከደኑ ሥር ጭስ፣ ከመንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ። የገበያ ቀን ስለሆነ አስፋልቱን ፈረስና በግ ይዞታል። ሾፌሩ ጥሩምባውን እየነፋ በአዊኛ አንድ ነገር ጣል ሲያደርግ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። አጎቴ ብቻ አልሳቁም። ፊታቸውን ወደ ሌላው መስኮት አዙረዋል።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ጋሼ ይስማው የሚኖሩት እዚህ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ አጎቴ ይበይዳሉ፣ ጋሼ ይስማው በትራፓኖ ይበሳሉ። ባለፈው ወር ድንች የጫነ አዲስ ጋሪ ቁልቁለት ላይ ጎማው ወለቀ። ባለጋሪውም ፈረሱም ተረፉ፤ ድንቹ ግን እስከ ወንዙ ተንከባለለ። ሲታይ ብሎኖቹ ቀዳዳቸው ውስጥ ይዋልላሉ። ትራፓኖ የያዘ እጅ ከተንቀጠቀጠ ቀዳዳው እንደሚሰፋ ባለሙያ ሁሉ ያውቃል። አጎቴም ደንበኛ በተሰበሰበበት «እጅህ አርጅቷል፤ ሰው ሳትገድል ተወው» አሏቸው። ጋሼ ይስማውም ሽርጣቸውን አውልቀው ሰቀሉና ወጡ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ አጎቴ ለማሸትም አልሞከሩም።

«ወርደን ሰላም እንበላቸው?» አልኩ።

«የወጣነው ለፑንታ ነው።»

3፡00፣ ዳንግላ

ዳንግላ ፀሐይ ወጥቷል፣ ባጃጁ ይርመሰመሳል። ፍርፍር በላን፤ አብሳይዋ በርበሬ አልሰሰተችም። ከዚያ ሰይድ የሚባል የብረታ ብረት ነጋዴ ሱቅ ገባን። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ሱቁን ስመለከት ግራ ገባኝ፤ እያንዳንዱ ካርቶን ላይ ከታተመው ቁጥር አጠገብ በጠመኔ ሌላ ቁጥር ተጽፏል።

«የታተመው የላኪው ነው፣ ጠመኔው የኔ» አለን ሰይድ እየሳቀ። «አሥር ብሎ የመጣ ብሎን ዘጠኝ ተኩል ይሆናል። አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ሌባ ብሎኝ ከሄደ ወዲህ፣ ወላሂ፣ ሳልለካ አልሸጥም።»

የአጎቴን ፑንታ ተቀብሎ በመለኪያው፣ በካሊፐሩ ጥርስ መሃል አስገባው። ፈገግታው ጠፋ።

«አባቴ፣ ይሄ እኮ አሥራ ሁለት አይደለም። አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት ሚሊ ነው። የግማሽ ኢንቹን ፑንታ አሥራ ሁለት ብለው ቀርጸውበታል።»

«እንደገና ለካው።»

ለካው። ያው ነው።

«በሥራ ብዛት እንዲህ ሆኖ ይሆናል» አሉ አጎቴ፤ ድምፃቸው ቀጠነብኝ።

«ብረት ሲሠራ ይቀጥናል እንጂ አይወፍርም፣ አባቴ።»

መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው ለኩት። ከዚያ የቀለም ጣሳ ላይ ተቀመጡ። «ከፋሲካ ወዲህ የወጡትን ጋሪዎች አስጠርተን ብሎናቸውን መቀየር አለብን» አሉ። የጋሼ ይስማውን ስም ግን አላነሱም። እኔ አፈርኩ። የተጻፈውን አንብቤያለሁ፣ አልተሳሳትኩም፤ ቢሆንም አፈርኩ። ሰይድ እውነተኛውን አሥራ ሁለት መርጦ፣ ፊታችን ለክቶ ሰጠን።

7፡00፣ በመልስ መንገድ

አጎቴ ምሳ አንበላም አሉ። ሚኒባሱ ውስጥ አዲሱ ፑንታ ኪሳቸው ነው፣ አሮጌው መዳፋቸው ውስጥ። የከሰሉ ጆንያ መታየት ሲጀምር ድንገት ጮኹ፦

«ወራጅ አለ!»

ረዳቱ «እንጅባራ አላላችሁም እንዴ?» እያለ በሩን ከፈተ።

8፡00፣ አዲስ ቅዳም

በጭቃው መንገድ ገባ ብለን ከቆርቆሮው በር ስንደርስ የጋሼ ይስማው ባለቤት እትዬ ይመኙ ወጡ። አጎቴን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ፤ የመጣን እንግዳ መመለስ ነውር ሆኖባቸው እንጂ ባያስገቡንም አይፈረድባቸውም። ባላቸውን ሊጠሩ ሲሄዱ ተከተልኳቸው።

«ጢሙን እንኳ ራሱ አይላጭም» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በየጠዋቱ ብርጭቆ ውኃ እስከ አፉ ሞልቶ ይይዛል። ይፈስ እንደሆነ ያያል።»

«ይፈሳል?»

«አንዳንዴ። እስከ አፉ የሞላ ብርጭቆ ከማን እጅ አይፈስም፣ ልጄ?»

ጋሼ ይስማው ወጡ። ሁለቱም እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። አጎቴ ለሰላምታም አልቆዩም፤ አሮጌውን ፑንታ ዘረጉላቸው።

«ቁጥሩ ውሸት ነው። አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት ነው፤ ራሴ ለካሁት። ቀዳዳውን ያሰፋው ይሄ ነው። እጅህ ምንም አልሆነም፣ ይስማው። የሰደብኩህ በሰው ፊት ነው፤ ሰኞ በሰው ፊት እናገራለሁ።»

ጋሼ ይስማው እጃቸውን አውጥተው ፑንታውን ተቀበሉ። የተቀረጸውን ቁጥር በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር።

«እኔ እኮ እጅህ አርጅቷል ስትለኝ አምኜህ ነበር» አሉ።

አጎቴ ጉልበታቸውን ሊስሙ ጎንበስ አሉ፣ እዚያው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። ጋሼ ይስማው ፑንታውን ጣሉት። በሁለት እጃቸው ከአጎቴ ብብት ሥር ይዘው፣ ብቻቸውን፣ ቀስ አድርገው አነሷቸው። ጋሼ ደሳለኝ ከባድ ሰው ናቸው።