በቀብሩ ቀን የተፈረመው ፍተሻ

ሃያ ሁለት ዓመት በአውራጃችን ፍርድ ቤት ችሎት አስከባሪ ሆኜ "ተነሡ! ዝም በሉ!" ስል ኖሬያለሁ። ሌባው፣ ሰካራሙ፣ ሚስቱን የሚደበድበው ወራዳ ሁሉ በእኔ በር አልፏል። ሁሉም ማሩኝ ባይ ነው። ቅጡኝ ያለ አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ፤ እሱም ዴልማር ክሬብ ነው።

ዴልማር የግንድ ጫኝ መኪና መካኒክ ነው። ጥድ እየቆረጥን በምንኖርበት በእኛ በደቡብ ጆርጂያ ፍሬን እንደሱ የሚያውቅ አልነበረም። መኪና በመንገድ ሲያልፍ ድምፁን ሰምቶ "የኋላ ግራ የፍሬን ሸራው አልቋል" ይላል፤ ሲፈታ እንዳለው ይገኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራው ለሚስተር ሮይስ ፔትግሩ ነው። የዴልማር ሚስት ታማ አልጋ ላይ በዋለችባቸው አራት ወራት ፔትግሩ ደመወዙን ሳይቆርጥ "ከጎኗ አትለይ" ብሎታል። ይህን ደግነት ማንም አይክደውም።

በፔትግሩ ግቢ አንድ መጥፎ ልማድ ነበር። እያንዳንዱ መኪና ጠዋት ከመውጣቱ በፊት ፍሬኑ ተፈትሾ ቅጽ መፈረም አለበት። ሥራ ሲበዛ ዴልማር የሳምንቱን ቅጽ በሙሉ ሰኞ ቁጭ ብሎ ሳይፈትሽ አስቀድሞ ፈርሞ ይጨርሰው ጀመር። ፔትግሩም እያየ ያልፋል። እውነቱን ለመናገር በአገሩ ያልሰማ አልነበረም። እኔም ሰምቼ ስቄያለሁ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

አንድ ዓርብ ጠዋት ከነዚያ መኪናዎች አንዱ ግንዱን እንደተሸከመ ቁልቁለቱ ላይ አልቆም አለ። ከታች መስቀለኛው መንገድ ላይ ቆማ የገጫት ትንሽ መኪና የሚስ ቨርሊን ነበረች። ሚስ ቨርሊን የትምህርት ቤታችን ወጥ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ የእኔንም የዴልማርንም ልጆች አብልተው ያሳደጉ ሴት። ግራ እግራቸው ከጉልበት በላይ ተቆረጠ።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው እንዲሉ፣ ነገሩ የወጣው ከቅጾቹ ነው። የሐሙሱም የዓርቡም "ፍሬን ተፈትሿል" ይላል። ሐሙስ ግን የፔትግሩ እናት ተቀብረው ግቢው ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ ነበር የዋለው። ሚስ ቨርሊን የፔትግሩን ድርጅት ከሰሱ፤ ጠበቃቸው፣ አንዲት ቀጭን ሴት፣ ችሎት ላይ ወረቀቱን ይዛ ለምስክርነት በተጠራው በዴልማር ፊት ቆመች።

"ሚስተር ክሬብ፣ ሐሙስ ይህን መኪና ፈትሸዋል?"

"ፊርማው የኔ ነው።"

"እሱን አልጠየቅኩዎትም። ሐሙስ የት ነበሩ?"

"ቤተ ክርስቲያን።"

"ምን ሲያደርጉ?"

"የሚስተር ፔትግሩን እናት ሬሳ ሣጥን ተሸክሜ።"

ፍርድ ሊሰጡ ከነዋሪው ከተመረጡት ከአሥራ ሁለቱ የሕዝብ ፈራጆች አንዷ አፏን በእጇ ያዘች።

"አሠሪዎ ፍሬኑ መበላሸቱን ያውቁ ነበር?"

ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው እዚህች ጥያቄ ላይ ነበር። የእግሩን ካሳ መድን ይከፍለዋል። የቅጣት ካሳ የሚባለው ግን ባለቤቱ እያወቀ የሰው ሕይወት ንቆ ከተገኘ ብቻ የሚፈረድ፣ ከራሱ ኪስ የሚወጣ ነው። ዴልማር "አያውቁም" ቢል ፔትግሩ ይድናል። ወደ ፔትግሩ ተመለከተ፤ ፔትግሩ ጫማውን ያያል።

"ያውቁ ነበር" አለ ዴልማር። "ሸራው ማለቁን ማክሰኞ ነገርኳቸው። 'ፋብሪካው ግንድ ይፈልጋል፣ መኪናው ሳምንቱን ይጨርስ' አሉኝ። ቅጹ እንደሆነ ሰኞ ተፈርሟል። እኔም ዝም አልኩ።"

ፈራጆቹ ለምክር ሲገቡ በሩን የጠበቅኩት እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ የታጠፈ ወረቀት ሰጡኝ፤ ለዳኛው አደረስኩ። ዳኛው ጮክ ብለው አነበቡት፦ "መካኒኩንም መቅጣት እንችላለን?"

"አትችሉም" አሉ። "የተከሰሰው ድርጅቱ ነው።"

ጠበቃዋ ዴልማርን ሳትከሰው የቀረችው ስላዘነችለት አልነበረም። ያለው አንድ አሮጌ ቤትና የመፍቻ ሣጥን ነው፤ ምኑ ይወሰዳል? የቅጣት ካሳው በፔትግሩ ድርጅት ላይ ተፈረደ። ለመክፈል ግቢውን ሸጠ።

ዴልማር ኮሪደሩ ላይ እጄን ያዘኝ። "ሉሽስ፣ ስለኔ ምን አሉ?"

"ሊቀጡህ ፈልገው ዳኛው አይቻልም አሏቸው።"

"ለምን?"

"ማን ከሰሰህና!"

"ታዲያ የት ሄጄ ልቀጣ?"

"አንተ ሰውዬ፣ ሌላው እንዲህ ሲያመልጥ ይጨፍራል!" አልኩት እየሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። እንደዚያ ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጣውላ ጭኖ ቤቴ መጣ። ለሚስ ቨርሊን ተሽከርካሪ ወንበር በረንዳቸው ላይ መውጫ ተዳፋት ሊሠራላቸው ነው። አብሬው ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው።

"እንደምን አደሩ፣ ሚስ ቨርሊን። መውጫ ልሠራልዎ ነው የመጣሁት። ምንም አልፈልግም።"

ጣውላውን አዩት። "ማክሰኞ አውቀህ ነበር አይደል?"

"አዎ።"

"ረቡዕስ?"

"ረቡዕም።"

"ሐሙስ፣ ሣጥኑን ስትሸከም?"

"አስቤው ነበር፣ እመቤቴ።"

"ዓርብ ጠዋት በጋራዡ በር ሳልፍ እጅህን አውለብልበህ ሰላም አልከኝ። ያን ጊዜም ታውቅ ነበር።"

ዴልማር ባርኔጣውን አወለቀ። "አውቅ ነበር።"

"እንግዲያው እንጨትህን ይዘህ ሂድ። የወንድሜ ልጆች ይሠሩልኛል። አንተ ከሠራኸው የከፈልክ ይመስልሃል፤ እኔ ደግሞ በወጣሁ በወረድኩ ቁጥር ላመሰግንህ ነው። አላደርገውም።"

"እሺ፣ እመቤቴ" አለ።

ጣውላውን መልሰን መጫን ጀመርን። አንድ ጎን እሱ፣ አንድ ጎን እኔ። ሁለት ሲቀሩ ዴልማር መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ሚስ ቨርሊን ከበረንዳቸው ሆነው ያዩት ነበር። ወደ ውስጥ አልገቡም፤ ና ብለውም አልጠሩትም። የቀሩትን ሁለት ጣውላዎች እኔ ጫንኳቸው።