የደረጄ ማይክና የሐጂራ ውሃ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ደረጄን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ጆሮው አይሰማም። ድንኳን፣ የፕላስቲክ ወንበርና ሞንታርቦ የሚያከራየውን ደረጄን ነው የምላችሁ። ሠርግ ቢሆን እሱ አለ፣ ለቅሶ ቢሆን እሱ አለ፣ የመዋዕለ ሕፃናት ምርቃት እንኳ ያለ እሱ አይሆንም። እኔ ከፓርኩ በር ፊት ለፊት ቁርስ ቤት አለኝ፤ ጠዋት ጠዋት ፉሉን እኔ ጋ እየበላ ነው የሚደነፋው። ስለዚህ የማወራው በስማ በለው አይደለም።

ያደገው ሚኒባስ ላይ ነው። አባቱ ቀወት ገጠር ውስጥ ደህና ገበሬ ነበሩ፤ እሱ ግን ከእርሻው ሸሽቶ ከተማ ገባና ረዳት ሆነ። ከሹፌሩ በቀር ማንም ያልተሳፈረበትን መኪና በር ይዞ «ጀውሃ፣ ካራቆሬ፣ አንድ ሰው የቀረው» እያለ ሲጮህ እኔ ራሴ አምኜው ገብቼ ፀሐይ ላይ ስጠበስ ውያለሁ። ድምፁ ግን ድምፅ ነው፣ አልክድም። አንድ ሠርግ ላይ ማይክ የያዘው ሰው ጉሮሮው ተዘግቶ ደረጄ ተተካ፤ ያን ቀን አለቀልን። ማይኩን አንዴ ከያዘው ወዲህ የሚያስለቅቀው ጠፋ። ሞንታርቦ ገዛ፣ ድንኳን ጨመረ፣ ሱፍ ለበሰ። በዚህ በሮቢት ሙቀት፣ እኛ ነጠላ እንኳ ሲከብደን፣ እሱ ከረባት አስሮ ላቡን እየጠረገ ከተማውን ይዞራል።

ሌባ ነው እንዳትሉኝ። ሌባ አይደለም። ሌባ ቢሆንማ እንዴት በቀለለን፤ ሌባ ተይዞ ይታሰራል። ደረጄ በጎ ፈቃደኛ ነው። በጎ ፈቃደኛን ምን ታደርጉታላችሁ?

ፓርክ የምንለው ሮቢ ወንዝ ዳር ያለውን ቁራጭ መሬት ነው። ድሮ ቆሻሻ መጣያ ነበር፤ የሞተ አህያ ሳይቀር እዚያ ነበር የሚጎተተው። የሰፈሩ ሰው፣ ክርስቲያን እስላሙ፣ ተጠራርቶ አጸዳው፤ ኒሙንም ማንጎውንም ተከለ። ደረጄም አካፋ ይዞ ነበር፣ ፎቶ እስኪነሳ። ኋላ የበጎ ፈቃደኞች ሰብሳቢ ይመረጥ ሲባል ሁላችንም አንገታችንን ደፋን፣ እሱ ቀና አለ፣ ተመረጠ። እንግዲህ እሱ ሰብሳቢ ከሆነ ወዲህ ያልተከበረ ቀን የለም። የጽዳት ቀን፣ የአረንጓዴ ቀን፣ የወጣቶች ቀን፣ ደግሞ ለእነዚህ ሁሉ ቀኖች ምስጋና የሚቀርብበት የምስጋና ቀን። በየቀኑ ባነር ይሰቀላል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ችግኝ ይተከላል። ችግኙን በማግስቱ ማን ያጠጣዋል ስትሉት ግን ጆሮ ዳባ ልበስ።

ያጠጣው የነበረው የእትዬ ሐጂራ ውሃ ነው።

እትዬ ሐጂራ የጋሼ ሷሊሕ ሚስት ናቸው። ጋሼ ሷሊሕ ነፍሳቸውን ይማር፣ እነሱ እንደሚሉት አላህ ይዘንላቸውና፣ ወንዙ ዳር ትንሽ የሽንኩርት ማሳ ነበራቸው። ከሮቢ በተጠለፈው ቦይ የሚያጠጣ ሰው ሁሉ የየራሱ ተራ አለው፤ የሳቸው ተራ ዓርብ ቀትር ነበር። እሳቸው ጁምዓ ሲሄዱ ሐጂራ ቦዩን ይከፍቱ ነበር። ጋሼ ሷሊሕ በሞቱ በዓመቱ ወንዙ ሞልቶ መጣና ማሳውን ጠርጎት ሄደ። መሬት የለ፣ ሽንኩርት የለ፤ ከሰውዬው የቀረችው የዓርብ ውሃ ብቻ ሆነች። ሐጂራ ያችኑ ለፓርኩ ሰጡ። ለባሌ ሰደቃ ነው፣ ውሃው በፈሰሰ ቁጥር አጅሩ፣ ዋጋው ማለት ነው፣ እዚያ ያለበት ይደርሰዋል አሉ።

ዓርብ ቀትር ሙስሊሞቹ መስጊድ ስለሚሆኑ ቦዩን መክፈት የኛ የክርስቲያኖቹ ሥራ ሆነ። እሑድ ጠዋት እኛ ቤተ ክርስቲያን ስንሆን ደግሞ እነሱ ፓርኩን ይጠርጋሉ። ማንም ስብሰባ ሳይጠራ፣ ማንም ባነር ሳይሰቅል፣ እንዲሁ ተግባብተን ስንኖር ነበር። ሐጂራም ዓርብ ዓርብ መጥተው ቦዩ አጠገብ ካለው ሾላ ሥር ይቀመጡና ውሃው ሲገባ እያዩ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ለባላቸው ዱዓ ሲያደርጉ ነው።

የቦዩ ሕግ ታዲያ ቀልድ አያውቅም። በበጋ ተራው ደርሶ ያልከፈተ ሰው ተራውን ለቀቀ ማለት ነው፤ ተራ ለሚጠብቀው ይሰጣል። ይህን የሚያስጠብቁት የውሃ አባቱ ጋሼ ነጅሙዲን ናቸው፤ ውሃ እንዲያከፋፍሉ ሁሉም መርጦ የሾማቸው ሰው ናቸው። የገዛ ወንድማቸው አርፍዶ ቢመጣ ውሃውን ለጎረቤት አዙረውበት ወንድማማቾቹ ስንት ጊዜ ተኳርፈዋል። ሕጉን ከልጅ እስከ አዋቂ ያውቀዋል። ደረጄም ያውቀዋል።

ግንቦት ላይ ደረጄ የፓርካችን ቀን የሚባል ነገር ይዞ መጣ። ድንጋዩ በሚግልበት ወር ችግኝ ሊያስተክል። ለምን ክረምት አትጠብቅም ብንለው፣ እንግዶቹ የሚመቻቸው አሁን ነው አለ። ለምን ዓርብ ብንለው፣ እንግዶቹ የሚመቻቸው ዓርብ ነው አለ። ይሁን አልን። መድረኩን ሾላው ሥር አቆመው፣ ልክ ቦዩ ወደ ፓርኩ በሚገባበት አፍ ላይ። ደህና ጥላ ያለው እዚያ ብቻ ነዋ። በዋዜማው ሄጄ፣ ነገ ቀትር ላይ ውሃ እንከፍታለን፣ ይህን ነገር ወዲያ አርግልን አልኩት። ፕሮግራሙ ሦስት ሰዓት ተጀምሮ አምስት ሰዓት ያልቃል፣ እትዬ ሮማን አይጨነቁ አለኝ። እትዬ ሲለኝ እየሰማኝ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የሰማኝ ቀን አንቺ ሴትዮ ነው የሚለኝ።

በሦስት ሰዓት የተጠራ ክቡር እንግዳ በሦስት ሰዓት የሚመጣበት አገር ካለ ንገሩኝ፣ ጓዜን ጠቅልዬ ልሂድ። ሰው ላብ በላብ ሆኖ ቁጭ ብሏል፤ ደረጄ ማይኩን ይዞ እንግዶቻችን ጣርማ በርን አልፈዋል ይላል። ቆይቶ ደግሞ አሁንም ጣርማ በርን አልፈዋል። ሲደርሱ አምስት ሰዓት ሆኗል። ከዚያ ንግግር፣ ከዚያ ሌላ ንግግር፣ ከዚያ ዳቦ። ስድስት ሰዓት ሲል ዶማዬን ይዤ ወደ ቦዩ ሄድኩ። የቦዩ አፍ ላይ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ምንጣፉ ላይ ወንበር አለ፣ ወንበሩ ላይ ክቡር እንግዳው። ደረጄን ጠቀስኩት፤ በጣቱ አንድ ደቂቃ አለኝ። አዲስ ካኒቴራ የለበሰ አስተናባሪ ደግሞ ዶማዬን አይቶ፣ እናቴ ከዚህ ራቅ ይበሉ አለኝ። በገዛ ፓርኬ።

ሐጂራን ወደ መድረክ የጠራቸው በዚህ ሰዓት ነው። ውሃቸውን የለገሱ በጎ አድራጊ እናታችን ብሎ እጃቸውን ይዞ አስቀመጣቸውና ጋቢ ደረበላቸው። በግንቦት ቀትር፣ ሮቢት ላይ፣ ጋቢ። ከዚያ ስለ ውሃው ማውራት ጀመረ። ውሃ ሕይወት ስለ መሆኑ፣ የሐጂራ ውሃ ደግሞ ልዩ ሕይወት ስለ መሆኑ ያወራል፤ ያ የሚያወራለት ውሃ እላይ በዋናው ቦይ ዝም ብሎ ያልፋል። ሐጂራ ተነሱ። ዓይናቸው ቦዩ ላይ ነበር፣ አይቻለሁ። ደረጄ ትከሻቸውን ይዞ፣ የምስክር ወረቀቱ ገና ነው ብሎ አስቀመጣቸው። እንደገና ሊነሱ ሲሉ ፎቶ አንሺው እዚያው ይቆዩልን አለ። ሴትዮዋ ይሉኝታ የሚይዛቸው ሰው ናቸው፤ በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት ምን ይበሉ? ጋቢያቸውን እንደ ለበሱ ተቀመጡ። እኔ እርር ድብን አልኩ።

ጁምዓ ሲያልቅ ጋሼ ነጅሙዲን ወረዱ። ደረቁን ቦይ አዩ፣ መድረኩን አዩ። ወደ ላይ ተመልሰው ውሃውን ወደ ሱፍዋን ሽንኩርት አዞሩት። ሱፍዋን ተራ ሲጠብቅ የኖረ ወጣት ገበሬ ነው፤ ሕጉ ለሱ ይላል። በቃ፣ የዓርብ ውሃ የሱፍዋን ሆነች።

ያን ዕለት የተተከለው ችግኝ ሁሉ ክው ብሎ ደረቀ። እሱስ ይድረቅ፣ ድሮም ለፎቶ ነው የተተከለው። እኛ በእጃችን ያሳደግነው ማንጎ ቅጠሉን ሲያረግፍ ነው አንጀቴ ያረረው። በሚቀጥለው ዓርብ ሐጂራ እንደ ልማዳቸው መጥተው ሾላው ሥር ተቀመጡ። ከንፈራቸው አይንቀሳቀስም። አጠገባቸው ስቀመጥ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ሮማን፣ ለሷሊሕ አሁን ምን ይደርሰዋል?» አሉኝ። ተነስቼ ደረጄን ፍለጋ ሄድኩ። በስልኩ የፕሮግራሙን ፎቶ ሲመርጥ አገኘሁትና እየጎተትኩ ጋሼ ነጅሙዲን ቤት ወሰድኩት።

ጋሼ ነጅሙዲን ሰሙን። ተራው የሱፍዋን ሆኗል፣ እኔ አልነጥቀውም፣ እሱ በፈቃዱ ከለቀቀ ግን ይመለሳል አሉ። ሱፍዋን ተጠራ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ያጠፋው ሰው በቦይ ጠረጋው ቀን እንደ ወጉ ይቁም፣ እኔም እለቃለሁ አለ። ወጉ ቀላል ነው። ቦይ ሲጠረግ ውሃ የሚጠጣ ማሳ ያለው ሁሉ ይሰበሰባል፤ የበደለ ሰው ጫማውን አውልቆ ደረቁ ቦይ ውስጥ ይወርድና አጠፋሁ ይላል። ይኸው ነው። ይማሩታል፣ ሰው ወደ ሥራው ይመለሳል። ስንቱ ሽማግሌ፣ ስንቱ ባለ ብዙ ማሳ እዚያ ቦይ ውስጥ ቆሟል። ደረጄ አፉን ሞልቶ እሺ አለ። እኔም ሞኝ፣ አመንኩት።

በጠረጋው ቀን ሰው ሁሉ አካፋውን ይዞ መጣ። ሐጂራም መጥተው ዳር ቆመዋል። ደረጄ በባጃጅ መጣ፣ በሱፉ፣ ትንሿን ሞንታርቦ ጭኖ። ቦዩ ውስጥ አልወረደም። ዳሩ ላይ ቆሞ ድምፅ ሞከረና፣ «በዕለቱ በነበረው የቅንጅት ጉድለት ክፍተት መፈጠሩ ይታወቃል» አለ።

«ማነው ያጠፋው?» አሉ ጋሼ ነጅሙዲን።

«እንደ ኮሚቴ ስንገመግመው…»

«ኮሚቴውን አልጠየቅኩህም። ማነው ያጠፋው?»

«ሁላችንም ነን። እንደ ማኅበረሰብ።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንዲት ቃል እኮ ናት! በሰው ሠርግ፣ በሰው ለቅሶ ቃል ሲያፈስ የኖረ ሰውዬ አንዷ ቃል አነቀችው። ከኋላው ተጠግቼ፣ አንተ፣ ስለ እግዜር ውረድና በላት አልኩት። አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ፊት እኮ ነው አለኝ። ሰው ፊት ካልሆነ ምግብ የማይወርድለት ሰውዬ፣ ያን ቀን ሰው አሳፈረው። ሱፍዋን አካፋውን ትከሻው ላይ አደረገና ወደ ማሳው መንገድ ጀመረ። ውሃዋ የሷሊሕን ስም ይዛ አብራው ልትሄድ ነው።

ያኔ ሐጂራ ነጠላ ጫማቸውን አወለቁ። ማንንም አላዩም። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ የቦዩን ዳር በእጃቸው እየያዙ ወረዱ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አሉ። «ተራዬ ሲደርስ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ውሃው የባሌ ነው። ማሩኝ።»

ሱፍዋን አካፋውን ጥሎ ተመለሰ። ከነጫማው ዘሎ ገባና ክንዳቸውን ያዘ። ውሃው የርስዎ ነው እናቴ፣ ይውጡልኝ፣ እኔን ይማሩኝ ይላል። ጋሼ ነጅሙዲን ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ። እኔ ደግሞ ሰው አየኝ አላየኝ ሳልል አለቀስኩ።

ከሞንታርቦው ጭብጨባ ሰማን። ደረጄ ነው። ማይኩን ብብቱ ሥር ወትፎ ብቻውን ያጨበጭባል። ከዚያ ማይኩን ወደ አፉ አቀረበና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ ሐጂራ ጥፋታቸውን በግልጽ ስላመኑ» አለ፣ «በኮሚቴው ስም ከልብ እናመሰግናለን።»