ጋሼ ወልደየስ የነቀሉት ቱቦ

ሽታዬ ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል በነርስ ረዳትነት አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። ስንቱን በሽተኛ አጥባለች፣ አገላብጣለች፣ ሬሳም ገንዛለች። "ከእንግዲህ የሚያስደነግጠኝ ነገር የለም" ትል ነበር። ያን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ግን የጋሼ ወልደየስን ክፍል ከፍታ ስትገባ የያዘችው የውኃ ጆግ ከእጇ ወደቀ።

ሽማግሌው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ጋውናቸው ከአንገት እስከ ጉልበት በደም ርሷል። አንገታቸው ሥር ገብቶ የነበረው አይቪ፣ መድኃኒቱን ወደ ትልቁ የደም ሥር የሚወስደው ቱቦ፣ በእጃቸው ተጨብጧል።

"ጋሼ! ምን ሆኑ?"

"አጣሁት፣ ልጄ" አሉ ረጋ ብለው። ከደሙ ይልቅ እርጋታቸው አስበረገጋት።

ደወሉን ተጭና ቁስሉን በጨርቅ አፍና ያዘች። ትኩሱ ደም በጣቶቿ መሃል ይወጣል። ነርሱ ጆኒ ሮጦ ደረሰና በጀርባቸው አስተኛቸው።

ደሙ ሲቆም ጆኒም ፊቱ ነጥቶ ነበር። "በቀዳዳው አየር ገብቶ ቢሆን ልባቸው ቀጥ ይል ነበር" አላት። "ትናንትም ሲነካኩት ነበር። ከዚህ በኋላ እጃቸውን ማሰር ሊኖርብን ነው።"

"እጃቸውን? እንደ ሌባ?"

"ሌላ ምን ላድርግ?"

"የዛሬን ሺፍት ብቻ ስጠኝ። አጠገባቸው ልቀመጥ።"

ጋሼ ወልደየስ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከአንጀት ኦፕሬሽኑ ወዲህ ቀኑም ቦታውም ተምታቶባቸዋል። አዲሱ አይቪ ግራ ክንዳቸው ላይ ገባ፤ ሽታዬ ከዓይናቸው እንዲሰወር በፋሻ ጠቅልላ በእጅጌያቸው ሸፈነችው። ከዚያ ቁጭ ብላ እጃቸውን ታይ ጀመር። ቀኝ እጃቸው ወደ ክንዳቸው ዝር አላለም። በየደቂቃው ወደ አንገታቸው እየወጣ ይዳብሳል፣ ያጣል፣ ይወርዳል።

"ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚፈልጉት?"

"ማተቤን ነዋ! ማን በጠሰብኝ? ያለ ማተብ ልሙት?"

ሽታዬ ክው አለች። የበጠሰችው እሷ ናት። በኦፕሬሽኑ ጠዋት በመቀስ ቆርጣ ከሰዓታቸው ጋር በፌስታል ከትታዋለች። ጴንጤ ናት፤ እሷ ራሷ ማተብ ካወለቀች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ያን ቀን ጥቁር ክር ብቻ ነበር የታያት። "በኋላ አስርልዎታለሁ" ብላቸው ነበር፣ ረሳችው።

ፌስታሉን ከቁም ሳጥኑ አወጣች።

"አንገትዎ እስኪድን እጅዎ ላይ ልሰረው?"

"እሰሪልኝ፣ ልጄ።"

እንዳይፈታ ደራርባ ቀኝ እጃቸው ላይ ቋጠረችው። ሺፍቷ እስኪያልቅ አንገታቸውን አንድ ጊዜም አልነኩም። ለጆኒ ሁሉንም ነገረችው፤ የራሷንም ጥፋት አልደበቀችም። ጆኒ "እኛ እኮ ቱቦውን የጠሉት መስሎን ነበር" አለና ነገሩን መዝገባቸው ላይ ጻፈው። የማሰሩ ነገር ቀረ።

በሳምንቱ አእምሯቸው ተመለሰ። ስለ ደሙ የሚያስታውሱት ነገር አልነበረም። ልጃቸው ፀሐይወርቅ ወደ ቤት ልትወስዳቸው ከጎረቤቷ ከተማ ከቸስተርሚር በመጣች ዕለት ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው፣

"ይህን የመሰለ ክፉ ቋጠሮ ማነው የቋጠረው?" ብለው ሳቁ።

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ" አለች ሽታዬ። አብራቸው ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። አንሶላ ላምጣ ብላ ወጣችና ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።