ቁጥራቸውን የወለወልኩባቸው ቺፖች

ወሬው ሲደርሰኝ ለዙሁር ዉዱእ አድርጌ ከመታጠቢያ ቤት እየወጣሁ ነበር፤ ክንዴ ገና አልደረቀም። አሮጌ ኮምፒውተር በምንፈታበት መጋዘን አብረውኝ የሚሠሩት እትዬ በሩ ላይ ጠበቁኝ።

"የአፐር አርሊንግተን ሰፈሩ ሽማግሌ ኮል አድርጎ ነበር" አሉኝ። "ከኛ የገዛው ቺፕ ማሽኑ ውስጥ ገና ሲገባ ጨሰ አለ። ሊነቅለው ሲል ጣቱን ለብልቦታል።"

"የትኛው ቺፕ?"

"እኔ ምኑን አውቄው! አንቺ ቁጥር የለጠፍሽበት ነዋ።"

ሶላቴ ላይ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንዳለሁ ጠፋብኝና እንደገና ጀመርኩ። የፈራሁበትን ምክንያት ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

የድሮ ኮምፒውተር ዋናው ቺፕ ከበድ ያለ ሒሳብ ሲሰጡት ያዘግማል። ስለዚህ ለሒሳብ ብቻ የሚረዳው ሌላ ቺፕ ከጎኑ ይሰኩለት ነበር። የመጀመሪያው ረዳት 8087 ነው፤ ከዋናው ጋር እኩል ትእዛዝ እየሰማ፣ የራሱ ተራ ሲደርስ ይነሳል። ቀጥሎ 286 ለሚባለው ማሽን 287 የተባለው ረዳት መጣ። እሱ ዋናው ሥራውን እስኪያቀብለው ይጠብቃል፤ እንዲያውም አንዳንዴ ከታላቁ ከ8087 ይዘገያል። 387 ግን ሌላ ነው፤ ፈጣን፣ ሳይንና ኮሳይንን በቀጥታ የሚያወጣ፣ ቅርጹም አራት ማዕዘን። ከዚያ 486 የተባለው ዋና ቺፕ መጣና ሙሉ የሆነው ዓይነት ረዳቱን በሆዱ ይዞ ተወለደ፤ ጎን ለጎን መሰካቱም ቀረ።

ይህን ዛሬ አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ የማውቀው ረጅምና አራት ማዕዘን ብቻ ነበር።

የሥራ ኃላፊያችን ጋሼ፣ የአገራችን ሰው፣ አንድ ሳጥን ሰጥተውኝ "አቧራውን ጥረጊና ለያቸው፤ አሮጌ ማሽን የሚወዱ ሰዎች ይገዙናል" አሉኝ። እኔ ደግሞ ንጽሕና የእምነት ግማሽ ነው እየተባልኩ ያደግሁ ነኝ። በደረቅ ጨርቅ አልረካ ብዬ ሙጫ የምናስለቅቅበትን ፈሳሽ አነሳሁ። ጨርቁ ላይ ነጭ ነጭ ነገር ሲወጣ አቧራ መሰለኝ።

"አንቺ እኮ ከሰል ቢሰጡሽም እስኪነጣ ታጥቢያለሽ!" አሉ እትዬ። ጠረጴዛው ዙሪያ የነበርን ሁሉ ሳቅን።

ቀና ብዬ ሳይ አምስት ረጃጅም ቺፖች ጀርባቸው ባዶ ሆኗል። የጠረግሁት ቁጥራቸውን ነው። 8087 እና 287 ደግሞ ሁለቱም ረጅም፣ ሁለቱም ባለ አርባ እግር፣ ለዓይን መንታ ናቸው። ኤሌክትሪክ የሚገባባቸው እግር ግን ይለያያል፤ አንዱን በሌላው ቦታ የሰካ ያቃጥለዋል።

ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ሥራ ከጀመርኩ ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር፤ የሚያባርሩኝ መሰለኝ። "ከግራ ሦስቱ 8087፣ ከቀኝ ሁለቱ 287 ነበሩ" ብዬ ለራሴ ማልኩና ወረቀት ቆርጬ ለጠፍኩ። እነሱን የሚሞክር ያረጀ ማሽን እኛ ዘንድ አልነበረም፤ እንደለጠፍኳቸው ተሸጡ።

እንደሰገድኩ ጋሼ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። የሽያጭ መዝገቡን ገልጠው አዩ።

"አምስቱም ሄደዋል እኮ" አሉ።

"አውቃለሁ።"

"ያረጀ ዕቃ አይደል? ተበላሽቶ ነው እንላለና። ማን ያውቃል?"

"አላህ ያውቃል፣ ጋሼ። አማና ነው፤ አደራ አለብን።"

"ኧረ ከአንቺ ጋር መዋሸትም አይቻል!" ብለው የገዢዎቹን ስልክ አወጡ። አንደኛው ገና አልሰካውም ነበር። ሌላኛው መስታወት ውስጥ ለጌጥ አስቀምጦታል። ሦስተኛው በፖስታ እመልሳለሁ አለ። ሽማግሌውም ጣቱ ደህና መሆኑን ነግሮን፣ ይቅርታ ስጠይቀው ሳቀብኝ።

አምስተኛው ሰው ግን በእግሩ መጥቶ የገዛ ነው። ስልክ አልሰጠም። ከፍራንክሊንተን ሰፈር ነኝ ሲል፣ ማሽኑን ልጆቹ የሚተኙበት ክፍል እንዳስቀመጠው፣ ቀን ከሌት አብርቶ እንደሚተወው ሲያወራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያን ዕለት ደስ የሚል ጨዋታ መስሎኝ ነበር። አሁን በክሊቭላንድ አቬኑ አውቶቡስ ስሄድ የእሳት አደጋ መኪና ሲጮህ በሰማሁ ቁጥር፣ ወዴት እንደሚታጠፍ ሳላይ አልቀመጥም። ሁለት ቅዳሜ ፍራንክሊንተን ሄጄ በየመንገዱ ዞሬያለሁ፤ መልኩ እንኳ በደንብ አይታወሰኝም።

የመጋዘኑ ባልደረቦቼ፣ ሰውዬው የገዛ ዕለት ካውንተሩ አጠገብ የነበራችሁ፣ ሻይ ይዛችሁ ከእሱ ጋር ያወራችሁ፣ ዕቃውን እስከ መኪናው የሸኛችሁት፦ ስለ ፈጣሪ ብላችሁ፣ የመንገዱን ስም ወይም የመኪናውን ቀለም የምታስታውሱ ንገሩኝ። ሥራዋን ታጣለች ብላችሁ አትዘኑልኝ። በሩን አንኳኩቼ "አጥፋው" የምለው እኔው ነኝ።